ከማጉያው ሥር የቀረ ቃል

ግራው ሲጠራ ቀኙ ይደበዝዛል። ቀኙን ላጥራ ስትል ደግሞ ግራው ጥሏት ይሄዳል። ጣውላው ላይ በተዘረጋው ነጭ ወረቀት የእናቷ ፊት በብርሃን ተስሏል፤ የፊልም ኔጌቲቭ ነውና ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ። አንደኛው ዓይን ሽፋሽፍቱ እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ብሎ ያያታል። ሌላው ውሃ ውስጥ እንደወደቀ ቀለም ሟሙቶ ቀርቷል። መዘውሩን ወደፊት ብታዞር፣ ወደኋላ ብታዞር፣ እናቷ በሁለት ዓይኗ ልታያት እምቢ ብላለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት ቢሞላትም ሰፈሩ አሁንም «የፎቶ ቤቷ ልጅ» ነው የሚላት። ከዚህ አሮጌ የፎቶ ማጉያ ጋር ትግል ከገጠመች ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። ሌንሱን ወልውላለች። አምፖሉን ቀይራለች። ኔጌቲቩን በሁለት መስታወት መሃል አስተኝታዋለች። ለምናዋለች፣ ሰድባዋለች፣ አንዴማ በጥፊም ብላዋለች። ፎቶ ቤቱ ከዋናው መንገድ ወደዚህ ወደ ጓሮው ክፍል ሲዛወር ተሸካሚዎቹ ማጉያውን መብራቱንና ሌንሱን በያዘው ምሰሶ አንጠልጥለው አንስተውት ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ዕቃው እንዳኮረፈ ነው። ከላይ ያለውን ሁሉ ፈታ ገጥማለች። የምሰሶውን እግር ግን አልነካችውም። እሱን ማን ይጠረጥረዋል? የሠራው ያ ሰው ነዋ።

ሥራው ለደንበኛ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን መልሳ ትገላገል ነበር። የአባቷ ልመና ስለሆነ ነው። አርባ ዓመት የሰው ፊት ሲያጠሩ የኖሩት ሰውዬ ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሏቸዋል። አሁን የሚታያቸው መስኮት አጠገብ የተያዘ ትልቅና ጥርት ያለ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ፣» አሏት አንድ ጠዋት፣ «ብርሃኔ ሳይጠፋ እናትሽን አንድ ጊዜ ትልቅ አድርገሽ አሳዪኝ።» በኮምፒዩተር ላሠራልህ ብትላቸው ተቆጡ። እሷን ያነሳሁት እኔ፣ ያጠብኩት እኔ፣ የማያውቃት ማሽን አይነካብኝም አሉ። ሽማግሌ ከያዘ ያዘ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ፎቶ ከሚታጠብበት ጨለማ ክፍል የሚቀደድ ወረቀት ድምፅ ሲሰሙ አባቷ ከወንበራቸው ሆነው ተጣሩ።

«እምቢ አለሽ?»

«እምቢ አለኝ አባዬ።»

ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። ከዚያ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ያልተነሳውን ሰው አነሱት።

«ሰዓት ሠሪውን አስጠሪው።»

በእጇ የያዘችው ወረቀት ወደቀ። አባቷ ባያዩትም የመውደቁን ድምፅ ሰምተዋል። እሷ ወረቀቱን ለማንሳት ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ ሳትነሳ ቀረች።

*

ሰዓት ሠሪው ያኔ የሚሠራው ከፎቶ ቤቱ ሕንፃ ደረጃ ሥር ነበር። አንዲት የመስታወት ሳጥን፣ አንዲት በርጩማ፣ አንዲት መብራት። ፎቶ ቤቱ ደግሞ ከላይ፣ ባለሥልጣን ከነቤተሰቡ፣ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ የሚወጡበት። ልጅቷ ደረጃውን ስትወርድ አምስተኛው እርከን ላይ ሁልጊዜ ጫማዋ ይፈታባታል። እሱም ልክ በዚያች ቅጽበት ከሰዓቱ ቀና ይላል። በዚያ ዓመት እንደዚያ ጫማ የተፈታ ጫማ በከተማው አልነበረም።

በኋላ ማጉያው አገናኛቸው። በመንገዱ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሕንፃው ይንቀጠቀጣል፣ የምሰሶውን እግር ከጣውላው ጋር የሚያስሩት አራት ዳዶዎች ይላላሉ፣ ምሰሶው ያዘነብላል፣ ፎቶው ባንድ ወገኑ ይደበዝዛል። እሷ በየቅዳሜው ዳዶዎቹን ትፈታለች፣ ምሰሶውን ለማቅናት ከሥር የምትገባውን የታጠፈች ወረቀት ታስተካክላለች፣ መልሳ ታጠብቃለች። ሲያቅታት እሱን ትጠራዋለች። ሲያቅታት ነው እንግዲህ የሚባለው፤ ሳያቅታትም ትጠራው ነበር። በዚያች ቀይ አምፖል ሥር «ጨለማዬ» የሚል ስም አወጣላት። ከጨለማ ክፍል የማትወጣ ልጅ ስለሆነች መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ እያደር ግን ቀልድነቱ ቀረ።

አባቷ ደረሱበት። ደረጃው ላይ ቆመው፣ ሰው እየሰማ፣ «ልጄን ለደረጃ ሥር ሰው አልድርም!» አሉት። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። ከዚያ ወዲህ የፎቶ ቤቱ በር ተዘጋበት፤ እሷም ያለ አባቷ ደረጃውን አትወርድም። አንድ ጊዜ ብቻ ተከፈተለት፤ ማጉያው ጨርሶ ሲያስቸግር ሌላ የሚያውቅ ስለጠፋ አባቷ አስጠርተው፣ እላዩ ላይ ቆመው አሠሩት። አንገቱን እንደደፋ ሠራ፣ አንገቱን እንደደፋ ሄደ። ወደ እሷ አንዴ እንኳ አላየም። ያ ሐሙስ ነበር። ሰኞ የመስታወት ሳጥኗ ባዶዋን ተገኘች።

ልጅቷ በዚያ ሰሞን ከአልጋዋ ሥር የተዘጋጀች ሻንጣ ነበራት። ሦስት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ የእናቷ ሻሽ። ነይ ቢላት ትሄድ ነበር፤ አንድ ቃል ነበር የምትጠብቀው። ሁለት ወር ጠብቃ ቀሚሶቹን አንድ በአንድ አውጥታ ሰቀለቻቸው። ሻሹን ግን እስከዛሬ ከሻንጣው አላወጣችም።

*

አባቷ አስጠሪው ባሉ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪው መጣ። ከሩቅ ከተማ ከተመለሰ ዓመት እንደሆነው፣ ሚስትና አንዲት ሴት ልጅ እንዳለው ሰምታለች። መስማትና ማየት ግን ለየቅል ናቸው። ጣቱ ላይ ያለችው ቀለበት ከእሱ ቀድማ በበሩ የገባች መሰላት።

አባቷ በእርምጃው ለዩት። «መጣህ?»

«መጣሁ ጋሼ። እንደምን ሰነበቱ?»

«ዓይኔ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው።»

ሰዓት ሠሪው ወደ ልጅቷ ዞሮ ራሱን ዝቅ አደረገ። «እርስዎስ፣ እንደምን ዋሉ?»

እርስዎ! ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። በሰፈራት ቁና ሰፈረችለት፤ «ደህና። ይግቡ» አለችው።

ጨለማ ክፍሉ ለሁለት ሰው ይጠባል። የክንዳቸው ሙቀት እንዳይነካካ ሁለቱም እንደ እንግዳ ተሸማቀው ቆሙ። አንድ ዓይኑ ላይ የሚሰካትን ትንሽ መነጽር ከኪሱ ሲያወጣ አብራ አንዲት ቢጫ የልጅ ፀጉር ማስያዣ ወጣች። ቶሎ መልሶ ከተታት። አይታታለች። እንዳየቻትም አየ። ነገር በዓይን ይገባል እንዲሉ፣ ሁለቱም ወደ ማሽኑ ዞሩ።

ለመፈተኛ በመርፌ ጫፍ መስመር የተጫረበት አሮጌ ኔጌቲቭ አስገብቶ አምፖሉን አበራ። መስመሮቹ ጣውላው ላይ ወደቁ። ከግራ እንደ ምላጭ የሰሉ ናቸው፤ ወደ ቀኝ ሲሄዱ እየወፈሩ እየጠፉ ይሄዳሉ። ሌንሱ ላይ ትንሽ አፍጥጦ ራሱን ነቀነቀ።

«ሌንሱ ጤነኛ ነው። ምሰሶው አዘንብሏል። እግሩን በቅርብ የከፈቱት መቼ ነው?»

«የምሰሶውን እግር? ከፍቼው አላውቅም።»

«አይ፣ በየቅዳሜው ሲያጠብቁ ማለቴ ነው።»

«ለምን አጠብቀዋለሁ?» አለች፤ የቆየ ቁጣዋ ሳታስበው አመለጣት። «አንተ ከሠራኸው ወዲህ፣ እዚህ እስክንዛወር ድረስ፣ ፍንክች ብሎ አያውቅም። ያን ቅዳሜ ቁልፌን ይዤ መጣሁ። መብራቱን አብርቼ ሳይ አራቱም ጥግ ጥርት ብሏል። ቁልፉን መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት አልነካሁትም። ሥራህ እንደሁ መቼም አይታማም!»

ዞር ብላ ስታይ ሰውየው ፊቱ አመድ መስሏል። በርጩማዋን በእጁ ዳብሶ ፈልጎ ተቀመጠ።

«አንዴም?» አለ በሹክሹክታ።

«አንዴም። ምነው? ምን ሆንክ?»

ከመሣሪያ ሳጥኑ ቁልፍ አውጥቶ ተንበረከከ። ዳዶዎቹ ዝገው እምቢ አሉት፤ በዘይት አባብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አንድ በአንድ ፈታቸው። ምሰሶውን በትከሻው ደግፎ ከእግሩ ሥር በሁለት ጣቱ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ስቦ አወጣ። በዘመን ብዛት ቢጫ ሆናለች፤ ተሸካሚዎቹ ሲጎትቱት ከቦታዋ ተንሸራታ አንድ ጎኗ ተጨፍልቋል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ደብዳቤሽ» አላት።

*

ወረቀቷን ሳይዘረጋ መዳፉ ላይ አስቀመጣት።

«ያን ቀን አባትሽ እላዬ ላይ ቆመዋል። ላይሽ አልችልም፤ ካየሁሽ ያልቅልኛል። ወረቀቷን ቤት ጽፌ አጥፌ ይዣት ነበር የመጣሁት። ቅዳሜ ስትፈቺው ታገኚያታለሽ አልኩ። ሌላ ሰው ያን እግር አይከፍተውም፤ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ታዲያ ለምን አልላላም? ለምን?»

ከፈታቸው ዳዶዎች ጎን ያሉትን አራት ትናንሽ ቀለበቶች በመዳፉ ላይ አሳያት። አንድ ቦታቸው ላይ የተሰነጠቁ፣ የሞላ ሮንዴላ የሚባሉት፤ ዳዶ በንዝረት እንዳይላላ ይዘው የሚያስቀሩ።

«እነዚህን አድርጌበት ሄድኩ» አለ። «ሳላስበው! ሠርቼ ስጨርስ እጄ ሄዶ ከሳጥኑ አወጣቸው። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ተመልሶ እንዳይበላሽ ስጠነቀቅ ኖሬ… እጄ ሥራ አጓድሎ መሄድ አያውቅም። ቃሌን በገዛ እጄ ቆለፍኩበት።»

ሰባት ዓመት የረገመችው ዝምታ ከምሰሶው እግር ሥር ነበር። በየቀኑ እላዩ ላይ ስትሠራ፣ የሌሎችን ሠርግ፣ የሌሎችን ልጆች ስታጎላ።

«ስጪኝ… አታንብቢው» አላት፤ ወረቀቱን የያዘው ግን እሱ ነበር። «አሁን ምን ያደርግልሻል?»

«የእኔ ነው አላልክም? አምጣው።»

ተራውን መብራት አበራች። ሰማያዊው ቀለም አልደበዘዘም።

*«ጨለማዬ፣ አባትሽ እላዬ ላይ ቆመው ስለሚያሠሩኝ በአፌ ልነግርሽ አልችልም። እሑድ ጠዋት አውቶቡስ ተራ እጠብቅሻለሁ። ሁለት ትኬት እቆርጣለሁ። ያለኝ አንድ ሳጥን መሣሪያና ሁለት እጅ ነው፤ አታሎኛል እንዳትዪ አስቀድሜ ነገርኩሽ። ካልመጣሽ አልቀየምሽም። መልስሽ እንደሆነ አውቄ ሁለተኛ ደጅሽን አላስጨንቅም። ከመጣሽ ግን፣ የመጣው ነውጥ ይምጣ፣ ቀጥ አድርጌ እይዝሻለሁ።»*

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። «ብዙ ጠበቅከኝ?» አለችው።

«የመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደ። ሁለተኛውም ሄደ። ሦስተኛው የመጨረሻው ነበር፤ ብቻዬን ተሳፈርኩ። ትኬትሽን አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ ሰው እንዳይቀመጥበት። እዚያ እስክደርስ ሰው መጥቶ በጠየቀኝ ቁጥር 'ተይዟል' እላለሁ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከኋላዋ ተነስቶ ሲቆም ሰማችው። እጁ ትከሻዋ ጋ ሊደርስ ሲል ቆመ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ከዚህ በኋላ አልጠይቅሽም። ያን ቅዳሜ ብታገኚው ኖሮ… ትመጪ ነበር?»

ሻንጣዋ ታየቻት። ሦስት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ ሻሽ። አዎ የምትል ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሳ ቆማለች፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ተዘጋጅታ የኖረች ቃል። ዞር አለች። ከኪሱ አፍ ያቺ ቢጫ ፀጉር ማስያዣ ብቅ ብላለች። ጠዋት አንድ ቦታ አንዲት ትንሽ ልጅ አባቷ ጭን መሃል ቆማ ፀጉሯን አስይዛለች። አዎ ብትለው ይህ ሰው ያን ቃል ይዞ ወደዚያች ልጅ ቤት ይገባል። ከማዕዱ ጋር ይቀርባል፤ ምንም ካላጠፋች ሴት ጋር በአንድ ትራስ ያድራል።

«አልመጣም ነበር» አለችው።

አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። በሕይወቷ እንደዚያ ቀጥ ብላ ቆማ አታውቅም።

«አባዬን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ወጣት ነበርን፤ ጨዋታ ነበር። ባገኘውም አልመጣም ነበር።»

«እንግዲያው…» ድምፁ ተሰበረ። ሳል አስመስሎ አለፈው። «እንግዲያው ምንም አልጠፋብንም። እንኳን ነገርሽኝ። ሰባት ዓመት የተሸከምኩትን አራገፍሽልኝ።»

ሸክሙ ከደረቱ ወርዶ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ተሰማት።

ተንበርክኮ ሥራውን ቀጠለ። «በቆርቆሮ ልተካት እችላለሁ» አለ ወረቀቷን እያሳየ።

«የለመደውን አድርግለት።»

ወረቀቷን በቀድሞው እጥፋቷ አጥፎ ከምሰሶው እግር ሥር አስገባት። ዳዶዎቹን አሰረ። ውሃ ልክ አስቀመጠ፣ አየ፣ ሩብ ዙር ጨመረ። የተጫረውን ኔጌቲቭ አውጥቶ የእናቷን አስገባና መብራቱን አበራ። መዘውሩን ያዞረችው እሷ ናት። ግራው ጠራ፤ ቀኙም ጠራ። እናቷ በሁለት ዓይኗ አየቻት።

«ጨረስኩ» አለ። ሳጥኑን አነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ተመልሶ እንግዳ ሆነ። «ደህና ይዋሉ።»

«ደህና ይግቡ» አለችው። እርምጃው ከአባቷ ጋር ተሰነባብቶ፣ በግቢው አልፎ እስኪጠፋ ድረስ መዘውሩን አልለቀቀችውም።

*

ወረቀት ልታወጣ ስትዞር ነው ያየቻቸው። ከጠረጴዛው ጠርዝ፣ አራቱ የሞላ ሮንዴላዎች በመስመር ተደርድረዋል።

መጀመሪያ ረስቷቸው ነው አለች። ወዲያው በራሷ ሳቀች፤ የሚያም ሳቅ። ሰዓት ሠሪ ዕቃ አይረሳም። ያ እጅ ሥራ አጓድሎ መሄድ አያውቅም፤ ዛሬ ግን አወቀ። የከባድ መኪኖቹ ንዝረት እዚህ ጓሮም ይደርሳልና ከዛሬ ጀምሮ ዳዶዎቹ እንደ ድሮው ይላላሉ። በየቅዳሜው እየፈታች፣ በየቅዳሜው ወረቀቷን በእጇ ልትነካት ነው። ምናልባት ሲያቅታት ልትጠራው። አላመናትም ማለት ነው። አንዲት ቃሏን አላመነም።

በቀይዋ አምፖል ሥር የመጀመሪያውን ወረቀት የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ስትነክረው የእናቷ ፊት ቀስ እያለ መጣ። ሽፋሽፍት፣ ከንፈር፣ ጆሮዋ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ ሳትቀር። አጥባ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ መስኮቱ አጠገብ ይዛላቸው ወጣች።

አባቷ አፍንጫቸው እስኪነካው ድረስ ተጠጉ። ብዙ ቆዩ። ጣታቸው ፎቶውን ሳይነካ በላዩ ላይ ዞረ።

«ጠርታለች» አሉ። «እሷው ናት። ጠርታለች ልጄ።» ከዚያ ቀና አሉ። «ታለቅሻለሽ?»

«መድኃኒቱ ነው አባዬ። ዓይኔን ለበለበኝ።»

«አርባ ዓመት እጄን ነክሬበት ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን አላስለቀሰኝም።»

አባቷ ፎቶውን ወደ ጭናቸው አወረዱት።

«ያኔ ደረጃው ላይ ክፉ ነገር ተናገርኩት።»

«ረስቶታል አባዬ።»

«አንቺስ?»

«ፎቶው ይንጠባጠብብሃል፤ አምጣ ልስቀልልህ» አለች። አባቷ ፎቶውን አልሰጧትም። እጇን ያዙ። መዳፏ የማሽን ዘይት ይሸታል። ሲለቋት የእሳቸውም ጉንጭ ርሶ ነበር።

ወደ ጨለማ ክፍሉ ተመልሳ ቁልፏን ከመሳቢያ አወጣች። ምሰሶው እንዳያዘነብል አንዱን ዳዶ ብቻ ፈታች፤ ሮንዴላውን አስገብታ መልሳ አሰረችው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ እጇ ቆመ። በምሰሶው እግር ሥር ባለው ስንጥቅ በኩል የወረቀቷ ጫፍ፣ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ታየቻት። ቢጫዋን ፀጉር ማስያዣ አስባ ሮንዴላውን አስገባች፤ በሁለት እጇ፣ መዳፏን እስኪያማት ድረስ አጠበቀችው። አሁን አይላላም።

ቀይዋን አምፖል አጠፋች። እዚያው ማሽኑን ተደግፋ ቆማ ቀረች። «እመጣ ነበር» አለች፤ ማንም በማይሰማበት፣ ለዚያች ወረቀት ብቻ። «ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር እኮ።»